በዱቄት የነጣችው ንብ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤዛ ከትምህርት ቤቷ የሥዕል መጽሐፍ ተውሳ መጣች። የምንኖረው ፀዳ ከተማ ነው፤ ልጄ እዚህ ቤት ሠርቶ ከገባ ወዲህ እኔም ከነጎመኔ እዚሁ ነኝ። ከነጎመኔ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከአጥሩ ሥር ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ የተከልኩትን ጎመን አባጨጓሬ ይበላብኛል፤ ቤዛ ደግሞ አባጨጓሬዎቹን በጣሳ እየለቀመች ስም ታወጣላቸዋለች። ስም ከወጣለት በኋላ እንዴት ተደርጎ ይገደላል? ጎመኑ እያለቀ ነው።

መጽሐፉ ነፍሳት ስለምትወድ አንዲት ትንሽ ልጅ ነው። ባንዱ ገጽ ጉንዳን ጣቷ ላይ አስወጥታ ታያለች፤ በሌላው ገጽ በሆዷ ተኝታ ከጥንዚዛ ጋር ታወራለች። እናቷ በር ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች። እኔ እንዲህ ያለች እናት አላውቅም። ንቧ ደግሞ በጥርሷ ትስቃለች።

«ምነው ንቧ ጥርስ አወጣች?» አልኳት።

«ሥዕል እኮ ነው እማማ! ዝም ብለሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። እኔ የማነበው በጣቴ ነው፤ ጣቴ ፊደሉን ካልነካው አይኔ አያምንም። የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ለሥዕል መጽሐፍ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል። መጨረሻው ገጽ ላይ ልጅቷ አድጋ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ቢራቢሮ በማጉያ መነጽር ትመረምራለች።

«አንቺስ እማማ፣ ልጅ ሆነሽ ነፍሳት ትወጂ ነበር?»

«እንዴታ!»

«ታዲያ ምነው እንደሷ አልሆንሽም?»

ጎመኑን ላጠጣ ብዬ ወጣሁ። አንዱ ጎመን አብቦብኝ ኖሮ ቢጫው አበባ ላይ ንብ አርፋለች። የጥቅምት ፀሐይ ጀርባዬን እየሞቀኝ ቆሜ ሳያት፣ ውሃው ከጣሳው እየፈሰሰ ጫማዬን ማራሱን እንኳ አላወቅሁም።

ያደግሁት ድብ ባሕር ከምትባል ትንሽ ከተማ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ነው። ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም በር ድረስ የሚመጣበት አገር ነው። አባቴን አላስታውሰውም። ትቶልን የሄደው ቤቱን፣ ጥቂት መሬትና ከጣራው ክፈፍ ሥር የተሰቀለ አንድ ቀፎ ነው። እኔ ያደግሁት ከዚያ ቀፎ ሥር ነው ብል አላበዛሁም። ሌሎች ልጆች ሲጫወቱ እኔ እበት የሚያንከባልለውን ጥንዚዛ እከተላለሁ። መንገዱ ላይ ጠጠር አስቀምጥበትና በየት እንደሚዞር አያለሁ። እናቴ ሰው ሲያየኝ ታፍር ነበር። «ውዴ የትል እረኛ ሆና ቀረች» ትላለች።

ከሁሉ የምወደው ንቡን ነው። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ባቄላ ማሳው ውስጥ የማያት ንብ የኛ ትሁን የሌላ ሰው፣ በምን ይታወቃል? ሁሉም አንድ መልክ ነው። አንድ ቀን ቆንጠር አድርጌ ዱቄት ሰረቅሁና አበባ ላይ ያረፈች ንብ ጀርባ ላይ ነሰነስኩባት። ከዚያ ወደ ቤት ሮጬ ቀፎው ሥር ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየች፤ ከወፍጮ ቤት እንደወጣ ሰው ነጥታ መጥታ ገባች። ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል ለሠርጌም አልተደሰትኩም። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይኸው ሆነ። እናቴ ደረሰችብኝና በጥፊ አለችኝ። «እኔ እጄ እስኪላጥ የፈጨሁትን ለንብ ትደፊዋለሽ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ፈጪዋ እሷ ነበረች። እኔ ግን አልተውኩም።

አራተኛ ክፍል ስጨርስ የድብ ባሕሩ ትምህርት ቤት ከዚያ በላይ አልነበረውም። ለመቀጠል ደባርቅ መሄድ ነው። ደባርቅ የእናቴ እህት አለች፤ ጠጅ ጥላ ትሸጣለች። «ማር ካመጣች ትምጣ፣ ከልጆቼ ጋር ትኑር» ብላ ላከች። ያለን ቀፎ አንድ ነው፤ የሱ ማር ደግሞ ለቤቱ ቀዳዳ ሁሉ ነው። ስለዚህ ተስፋችን መንጋው ሆነ። ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን ንቡ ይበዛና ቀፎው ይጠበዋል። ያኔ ግማሹ አውራውን ንብ ይዞ ይወጣል፤ መንጋ ወጣ ይባላል። ያንን መንጋ ይዞ ባዶ ቀፎ ውስጥ ያስገባ ሰው ሁለተኛ ቀፎ አገኘ ማለት ነው።

ቀፎ መሥራት የወንድ ሥራ ነው፤ ሴት ወደ ንብ አትጠጋም ይባል ነበር። የኛን ቀፎ በየዓመቱ ከፍተው ማሩን የሚቆርጡልን አያ ዘለቀ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ያን ዓመት ግን እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ራሷ ጭራሮ ጎንጉና፣ ጭቃና እበት መርጋ አዲስ ቀፎ ሠራች። «ይሄ ያንቺ ነው» አለችኝ። «መንጋው ከገባበት በማግሥቱ ደባርቅ ትሄጃለሽ። ማሩ ሲደርስ እልካለሁ።» ትምህርት ተጀምሯል። እኔ ጠዋት ማታ የቀፎውን አፍ እጠብቃለሁ።

መንጋው የወጣ ቀን እናቴ ደጅ ገብስ ታሰጣ ነበር። ንቡ ከቀፎው አፍ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ሰንብቷል፤ ያን ጠዋት ግን ድምፁ ተለወጠ። ከዚያ እንደሚገነፍል ወተት ተንፈቅፍቆ ወጣ። ሰማዩ በጭንቅላታችን ላይ ዞረ።

«እምዬ! ወጣ! ወጣ!»

እናቴ አፈር እየዘገነች ወደ ላይ በተነች፤ ዝናብ መስሎት እንዲያርፍ ነው። ውሃም ረጨች። «እረፍ የኔ ጌታ! እረፍ፣ ቤትህ ተዘጋጅቷል!» እያለች ለመነችው። አላረፈም። ከፍ አለና ቁልቁል ወደ ቤተክርስቲያኑ አቀና።

«ተከተይው! አይንሽን እንዳትነቅይ! ውዴ፣ አይንሽን!»

ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ደንብ መንጋ፣ የወጣበት ቀፎ ባለቤት ንብረት ነው፤ ማስረጃው ደግሞ አይን ሳይነቅሉ እስከሚያርፍበት መከተል ነው። ያልተከተለ ሰው የኔ ነው የሚል ከሆነ በታቦት ይምላል።

ወደ ላይ እያየሁ ሮጥኩ። ወደ ላይ እያዩ መሮጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባቄላ ማሳ ውስጥ ወደቅሁ፣ ቀጋው እግሬን ቧጠጠኝ፣ ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገባሁ፤ አይኔን ግን አልነቀልኩም። ቤተክርስቲያኑ ጋ ስደርስ መንጋው በትልልቆቹ ጽዶች ላይ አልፎ ሄደ። እኔ በላይ መብረር አልችልም፤ የድንጋዩን አጥር ዞርኩ። አንድ አባታችን ሆይ ለመድገም የሚበቃ ጊዜ ከአይኔ ጠፋ።

በወዲያ በኩል ስወጣ፣ ከአያ ካሳ ማሳ ዳር ያለው ወይራ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ መንጋው እንደ ሙሉ አቁማዳ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ከሥሩ ቁጭ አልኩ። ደባርቅ የደረስኩ ነው የመሰለኝ።

ወዲያው አያ ካሳ ባዶ ቀፎ ተሸክመው መጡ። አያ ካሳ የመንደራችን ትልቅ ባለቀፎ ናቸው፤ የግቢያቸው ግድግዳ ዙሪያውን ቀፎ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«መንጋችንን እጠብቃለሁ።»

«የማን መንጋ? ይሄ ጠዋት ከቤቴ የወጣ ነው። ሚስቴ ስትጮህ ነው ከእርሻ የሮጥኩት።»

«የኛ ነው! ከቤት ጀምሬ ተከትዬዋለሁ!»

«እስከዚህ ድረስ? አይንሽን ሳትነቅይ?»

ወደ ጽዶቹ ዞሬ አየሁ። ያኔ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ፀጉሯ አፈር እንደለበሰ ደረሰች። ጀርባዋን ለወይራው ግንድ ሰጥታ ተቀመጠች።

«አያ ካሳ፣ ያንን ቀፎ ያስቀምጡት። ይህን ዛፍ የሚነኩት በእኔ ላይ ተራምደው ነው።»

«ከዛፍ ጋር ተጋባሽ እንዴ የሽሃረግ?»

ጩኸቱን ሰምቶ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ተቋረጠ፤ አያ ካሳ ዱላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ነበር። «የሰው ንብረት ይዘሽ ትቀመጫለሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው አሁን ቀልድ የለበትም። እናቴ አልተነቃነቀችም። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው። መንጋ ሲሞቀው ተነስቶ ይሄዳል፤ ሁሉም ያውቃል። ንቡ ከእናቴ ራስ በላይ ይተራመሳል፤ አንዳንዷ ወርዳ ፀጉሯ ላይ ታርፋለች፤ እሷ አታባርርም።

አንዱ ሮጦ አያ ዘለቀን ጠራ። ከሌላ ሽማግሌ ጋር መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የአያ ካሳን ሚስት ጠየቁ፤ ከግቢያቸው መንጋ ሲወጣ አይታለች፣ አልተከተለችም። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ውዴ፣ መንጋውን ከቤታችሁ እስከዚህ አይንሽን ሳትነቅይ ተከተልሽ?»

እናቴን አየኋት። አይኗ አዎ በይ ይለኛል።

«ከጽዶቹ ጀርባ ትንሽ ጠፋብኝ» አልኩ።

ሰዉ አጉረመረመ። አያ ካሳ «ይኸው!» አሉ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«ልጅ ናት፤ ደንግጣ ነው። እኔ ከቤቴ ሲወጣ በአይኔ አይቻለሁ። የኔ ነው። ታቦት ፊት ውሰዱኝ፣ እምላለሁ!»

ያኔ ነው የፈራሁት። በታቦት በሐሰት የማለ ዓመቱን አይደግምም ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናቴ አትዋሽም፤ የሷ መሆኑን ታምናለች። ነገር ግን ሲያርፍ ያላየችውን መንጋ የምትምልበት በኔ አይን ነው፤ የኔ አይን ደግሞ ጽዶቹ ጀርባ ተቋርጧል። ሽማግሌዎቹ ወደ ቤተክርስቲያኑ ለመሄድ ሲነሱ ጮህኩ።

«እምዬ፣ እንዳትምይ! ዱቄት አለ!»

ሁሉም ዞረ። እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ከመንጋው ጥቂት ንብ ተወስዶ፣ ዱቄት ተነስንሶበት ራቅ ብሎ ቢለቀቅ፣ አውራውን ያጣችው ንብ ወደለመደችው ቤት ትመለሳለች፤ ነጭ ንብ የገባችበት ቀፎ የመንጋው ቤት ነው አልኩ። አያ ካሳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«የሽሃረግ፣ ልጅሽ ንብ ታጠምቃለች እንዴ?»

አያ ዘለቀ ግን አልሳቁም። «መሐላ ከሚሆን ይሻላል» አሉ። «ካሳ፣ ትፈራለህ?»

«ምን አስፈራኝ? ይደረግ!»

ከቅርብ ቤት የገብስ ዱቄት መጣ። አያ ዘለቀ በቀንድ ዋንጫ ከመንጋው ጨለፍ አድርገው በጨርቅ ሸፈኑት፤ እኔ ዱቄቱን ነሰነስኩ። ሌላው ሽማግሌ ከአያ ካሳ ጋር ወደሳቸው ግቢ ሄዱ። እኔና አያ ዘለቀ ወደ ቤታችን ወጣን። እዚያ ስንደርስ ዋንጫውን የያዘው ሰው ከቁልቁለቱ እጁን ከፍ አድርጎ አሳየን፤ ዋንጫው ተከፍቷል ማለት ነው።

ከቀፎው አፍ አጠገብ ተንበረከክሁ። አያ ዘለቀ ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ያሰጣችው ገብስ ግማሹ በዶሮ ተጭሯል። ከቤቱ ጥግ አዲሱ ቀፎ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል።

ንብ ገባች፣ ንብ ወጣች። እግራቸው ላይ የአደይ አበባ ቢጫ ተሸክመው የሚመጡ ናቸው። ነጭ የለም።

«ውዴ፣ አየሽ?»

«ገና ነው አያ ዘለቀ።»

ፀሐይዋ አንገቴን ታቃጥለኛለች። አንዷ ንብ ከንፈሬን ነደፈችኝ፤ እጄን አላነሳሁም።

«የኔ አይን ከቀረበ አያይም» አሉ አያ ዘለቀ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ አየሁ ካልሽ፣ እኔም አየሁ እላለሁ።»

ከቀፎው አፍ አይኔን አላነሳሁም።

«ሰማሽኝ? እዚያም ታየ፣ እዚህም ታየ ከተባለ ፍርዱ የኔ ነው። ለእናትሽ እፈርዳለሁ። ካሳ እንደሆነ ቀፎ ሞልቶታል፤ አይጎዳም። አንቺ ደባርቅ ትሄጃለሽ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አንዲት ፈዘዝ ያለች ንብ መጥታ የቀፎው አፍ ላይ አረፈች።

«ያቺ አይደለችም?» አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየኋት። እግሯ ላይ ያለው ግራጫ ነገር የባቄላ አበባ ብናኝ ነው።

«ባቄላ የተሸከመች ናት።»

«ነጭ ትመስላለች እኮ።»

«አዎ፣ ትመስላለች።»

አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረኝ። የደባርቅን ደወል፣ ከአክስቴ ልጆች ጋር የምተኛበትን መደብ፣ አምስተኛ ክፍል የሚለውን ነገር ሁሉ አሰብኩ። ደግሞ ያቺን ነጭ ንብ አሰብኩ። አሁን አያ ካሳ ግቢ ቤቷን አውቃ እየገባች ከሆነ፣ እኔ እዚህ ሆኜ መጣች ብል፣ ከሁለታችን ቤቷ የጠፋባት የትኛዋ ናት?

«አልመጣችም» አልኩ።

«ትንሽ ቆይ እንጂ ልጄ።»

«አልመጣችም አያ ዘለቀ፤ አትመጣምም። ያ መንጋ የኛ አይደለም።»

ቀስ ብለው ተነሱ። «አባትሽን መሰልሽ» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም።

ወይራው ጋ ስንደርስ ሌላው ሽማግሌ ቀድመውን ደርሰዋል። ነጫጭ ንቦች ተከታትለው አያ ካሳ ቤት፣ ከበሩ በላይ ያለው ቀፎ ውስጥ ሲገቡ አይተዋል። እናቴ ተመልሳ ግንዱን ተደግፋ ተቀምጣለች። እሳቸውን አልሰማችም፤ የምታየው እኔን ነው።

«የኛስ?» አለች።

«አልመጣም እምዬ።»

ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። «በገዛ ዱቄቴ» አለችና መንገድ ጀመረች። አያ ካሳ ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርገው መንጋውን ወደ ቀፏቸው አስገቡ። ከዚያ ከኋላችን ተጣሩ።

«የሽሃረግ! ሸጋ ልጅ ነው ያለሽ። ማሩ ሲቆረጥ ለልጅቷ እልካለሁ!»

እናቴ ዞር ሳትል መለሰች። «አንፈልግም! የርስዎ ከሆነ የርስዎ ነው!»

የኛው መንጋ ጽዶቹን አልፎ፣ ቁልቁል ሄዶ፣ ሰው የማይወጣው ገደል ስንጥቅ ውስጥ መግባቱን በኋላ ሰማን። ከመንገዱ ላይ ሆኜ ሳየው ስንጥቁ ሥር ጥቁር ምልክት ይታየኝ ነበር። ትምህርቴ እዚያ ውስጥ ነው እል ነበር። አክስቴ «ለከርሞ ይሁን» ብላ ላከች። ለከርሞ እናቴ ታመመች፤ ቤቱን የምይዘው እኔ ሆንኩ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ወይራው ሥር ከዋልንበት ቀን በኋላ እናቴ «ውሃ ቅጂ»፣ «እንጨት አምጪ» ከማለት በቀር አላናገረችኝም። አንድ ጠዋት ግን ወደ ቀፎው ስሄድ፣ ሁልጊዜ የምቀመጥበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የጎመን ቅጠል አገኘሁ። በቅጠሉ ላይ አንድ ቁንጥር ዱቄት አለ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ገብስ ታሰጣለች። ዞር አላለችም።

ጎመኑን አጠጥቼ ወደ ቤት ስመለስ ቤዛ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ተቀመጥኩና ይህንኑ እንዳለ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ግንባሯን ቋጠረች።

«አየሁ ብትይ ኖሮ እንደሷ ትሆኚ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ምናልባት።»

«ታዲያ አይቆጭሽም?»

ይቆጨኛል። ግን የሚቆጨኝ የተናገርኩት አይደለም። ዛሬም ከቀፎው ሥር ብታንበረክኩኝ አልመጣችም ነው የምለው። አያ ካሳ የራሳቸውን ነው የወሰዱት፤ አክስቴም የአቅሟን ነው የጠየቀችው፤ ንቧም ወደ ቤቷ ነው የገባችው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ የአንዲት ልጅ ትምህርት በወይራ ቅርንጫፍ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሊሄድ በሚችል ነገር ላይ። ልጅን ከእውነትና ከትምህርት አንዱን ምረጪ ማለት ፍርድ አይደለም፤ ይህን ማንም ሽማግሌ ቢቀመጥበት አላምነውም። መጽሐፉ ላይ ያለችውን ልጅ ማንም ምረጪ አላላትም። ደግ ነው፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ንቧን ግን ጥርስ ባያወጡላት ጥሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ለቤዛ አላልኳትም። ጓዳ ገብቼ አንድ ቁንጥር ዱቄት በጎመን ቅጠል ይዤ ወጣሁ። ንቧ ወይም እህቷ አሁንም ቢጫው አበባ ላይ ናት። ቤዛ ትንፋሿን ይዛ ነሰነሰችባት። ንቧ ተንቀጠቀጠች፣ እግሮቿን ጠረገች፣ ነጭ እንደሆነች ተነሳችና በአጥሩ ላይ አልፋ ወደ መንገዱ ወጣች።

«እማማ፣ ሄደች! የማን ናት?»

የግቢውን በር ከፈትኩላት።

«ሩጪ! አይንሽን እንዳትነቅይ! ባጃጁን እኔ አይልሻለሁ።»